ሊቀ ነጥብ ጋሽ አጥናፉ

በዚህ ከተማ ቴሌግራም የጫነ ሰው ሁሉ አንድ ጠባቂ ተመድቦለታል። መልአክ እንዳይመስላችሁ። መልአክ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ይሄኛው ዝም አይልም። ከስማችሁ አጠገብ ያቺ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ባለች ቁጥር «አለህ አይደል?» ብሎ ይጽፋል። ካልመለሳችሁለት «ኧረ አለህ፣ እያየሁህ እኮ ነው!» ይላል። ነጥቧ ስትጠፋ ደግሞ «አሁን ነበርክ፣ ምን ሆነህ ወጣህ?» ብሎ ይከተላችኋል። አክስታችሁ ልትሆን ትችላለች፤ አለቃችሁ ሊሆን ይችላል፤ አሥረኛ ክፍል አብሯችሁ ተምሮ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ያላያችሁት ሰው ሊሆን ይችላል። ብቻ አንድ አላችሁ። የለኝም የምትሉ ከሆነ ጠባቂው እናንተው ናችሁ።

የኔው ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ክቡርነታቸውን ላስተዋውቃችሁ፤ ሊቀ ነጥብ ጋሽ አጥናፉ፣ የጉለሌና የአካባቢዋ አረንጓዴ ነጥቦች ጠቅላይ ተቆጣጣሪ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ደሜ የፈላ ዕለት። ቤታቸው ቀጨኔ ነው፤ ከመድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ ከኔ ግቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ያረፈ እንደሆነ ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ያቺን የቆርቆሮ ጥሩምባ እየነፉ ዳገቱን ይወጡና ይወርዱ ነበር። የሟቹን ስም የሰማነው ሁሉ ከሳቸው አፍ ነው።

ከዚያ እድራችን ሠለጠነ። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፤ መርዶ በስልክ መላክ ጀመረ፤ ጋሽ አጥናፉም በጭብጨባ ተሸኙ። ጥሩምባዋ «ለማስታወሻ እርስዎ ጋ ትቀመጥ» ተባለ። ከዚያ አንድ ቸር ሰው ከግሩፑ እንዳይለዩ ብሎ ስማርት ስልክ ገዝቶ ሰጣቸው። ያንን ቸር ሰው እስካሁን እያፈላለግሁት ነው።

ለጋሽ አጥናፉ ነጥቧ ጨዋታ አይደለችም። «አረንጓዴ ማለት ቤት አለ ማለት ነው» ይላሉ። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሰው በር ሲመታ ዝም ትያለሽ? አትዪም! ታዲያ ለጻፍኩልሽ ለምን ዝም ትያለሽ?» እንዲህ ሲሉ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። እንግዲህ ኦንላይን መሆን ሌላ፣ ለወሬ ክፍት መሆን ሌላ እንደሆነ አስረዷቸው! እኔ ሞክሬዋለሁ። ሰው መጽሐፍ እያነበበ፣ ካርታ እያየ፣ ባንክ ብር እያስገባ ሊሆን ይችላል ብዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ መንገድ ላይ ቆሜ አስረድቻለሁ። ሲሰሙኝ ቆዩና «እሺ፣ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ገብተሽ ወዲያው የወጣሽው ግን ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

ሽሮ ሜዳ ያለውን አዲሳለምን ያሳዩትን መከራ ብነግራችሁ። አዲሳለም ሸማኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ግድግዳ ላይ ሰክቶ መዝሙር ከፍቶ ይሠራል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ጋሽ አጥናፉ ጋቢ አዝዘውት ነበር። «አዲሳለም፣ አረንጓዴ ነህ። ስልክ እየነካካህ ነው። ጋቢዬ መቼ ሊደርስ ነው?» እያሉ ሲጽፉ ሰነበቱ። ምስኪኑ ሰውዬ አላስችለው ሲል ደወለላቸው፤ «ጋሼ፣ እግሬ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ አንድ እጄ መወርወሪያ ላይ ነው፣ ሌላው መቀበያ ላይ ነው፤ በምኔ ልጻፍልዎት?» ጋሽ አጥናፉ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «በል እንግዲያውስ ነጥቧን አጥፍተህ ሥራ።»

የሰፈራችንን ልጆች አክሊልንና ሩታን ደግሞ ከምንም ተነስተው አገናኟቸው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አንዱ ከላይ መንደር ነው፣ አንዷ ከታች። ጋሽ አጥናፉ ግን «አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ፤ ይሄ ነገር ነው» ብለው ለሁለቱም እናቶች ሹክ አሉ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አፋጠጡ። ልጆቹ በንዴት ጦፈው ጋሽ አጥናፉን ለመክሰስ አንድ ካፌ ተገናኙ። ዛሬ ልጃቸው ዳዴ ይላል። ጋሽ አጥናፉ ይሄን እንደ ማስረጃ በየሄዱበት ይጠቅሱታል። በዚህም እናደዳለሁ፤ ሰው ተሳስቶ እንዴት እንዲህ ይሳካለታል?

ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። አይዳ እባላለሁ። የሰው መጽሐፍ አርማለሁ፤ ሥራዬ ቤቴ ነው። አባቴ መምህር ዘመንፈስቅዱስና እናቴ ተከታትለው ካረፉ ወዲህ በተውልኝ ቤት ብቻዬን ነው የምኖረው። ወንድምም እህትም የለኝም። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም፤ ኑሮውን መርጬ ነው የምኖረው። ከዚህ ዓለም የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተዉኝ!

አልተዉኝም። የጎረቤቴ የእትዬ የሺሀረግ ታላቅ ወንድም ያረፉ ሰሞን ጉንፋን ጣለኝ። ዝም ብሎ ጉንፋን እንዳይመስላችሁ፤ አጥንቴን ነው የከተከተኝ። በግሩፑ ላይ «አሞኝ ተኝቻለሁ፣ ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም፣ እትዬ የሺሀረግ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው። ሊቀ ነጥብ ምን ብለው ቢመልሱ ጥሩ ነው? በዚያ ሁሉ እድርተኛ ፊት! «አይዳ ከጠዋት ጀምሮ አረንጓዴ ናት። የታመመ ሰው አረንጓዴ አይሆንም።»

እግዜር ያሳያችሁ! የታመመ ሰው ተኝቶ ስልኩን ካልነካካ ምን ያድርግ? ጣራ ጣራውን ይይ? ጤነኛ ሰው ነው እንጂ ስልኩን ጥሎ ወዲያ ወዲህ የሚለው! ይሄን ሁሉ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ምክንያቱም ስጽፍ አረንጓዴ ነኝ። በማግሥቱ እትዬ የሺሀረግ በር ላይ አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነሱኝ። ያን ሰሞን ሙሉ አንድም ሰው «እንዴት ሆንሽ?» ብሎ በሬን አልቆረቆረም። አንጀቴ አረረ። ዳንኩና መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጋሽ አጥናፉን ብሎክ ማድረግ ነው።

አቤት ሰላም! ስልኬ ዝም አለ። ብዙ ገጽ አረምኩ። መንገድ ላይ እንዳላገኛቸው የሚያስፈልገኝን ሁሉ ገዝቼ ቤቴ ከተትኩ። በቃ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ብሎክ የተደረገ ሰው ምን እንደሚያይ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ፎቷችሁ ይጠፋበታል። በቦታው ባዶ ክብ ይቀራል፣ መሀሉ ላይ የስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል። ነጥቧ ተመልሳ አትመጣም። ከስማችሁ ሥር ደግሞ ይህ ሰው የታየው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው የሚል በእንግሊዝኛ ይጻፋል።

አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። «አይዳ! አይዳ! ልጄ!» በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ደሞ እዚህ ድረስ መጡ! ጫማዬን አውልቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በጣቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። መቱ፣ መቱ፣ መልስ ሲያጡ ሄዱ። እኔም ደስ ብሎኝ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ የሆነውን የነገረኝ ባለሱቁ ሸፊ ነው። ጋሽ አጥናፉ ስልካቸውን ይዘው እያለከለኩ ገቡ። ሸፊ ስኳር እየመዘነ ነበር።

«ሸፊ፣ ይሄ ከስሟ ሥር ያለው ምን ይላል?»

«ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው ይላል፣ ጋሼ።»

«ፎቶዋስ?»

«ፎቶዋ ተነስቷል።»

«ማን አነሳው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሸፊ፣ ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነው። ቀና ሲል ጋሽ አጥናፉ የሉም። በእጃቸው የነበረውን ዳቦ ባንኮኒው ላይ ትተውት ሄደዋል።

እኔ ያን ሰዓት አንድ ምዕራፍ ላይ ተጣብቄያለሁ። ከጆሮ ማዳመጫው ሥር የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ነቅዬ አዳመጥኩ። ጥሩምባ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ! ወይ ጉድ፣ ማን ሞቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ነፍስ ይማር ልል አፌን ስከፍት ጥሩምባው ቆመና የጋሽ አጥናፉ ድምፅ መጣ።

«የእድር ሰው ስማ! የቀጨኔ ሰው ስማ! አይዳ አርፋለች! የመምህር ዘመንፈስቅዱስ ልጅ አይዳ አርፋለች! እናት የላት፣ አባት የላት፣ ወንድም የላት፣ እህት የላት! ዘመዷ እኛው ነን! አንድ ሰው እንዳይቀር!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ድንጋጤው በኋላ ነው የመጣው። እናት የላት፣ አባት የላት! ገመናዬን በጥሩምባ! ነጠላ ጫማዬን እየፈለግሁ፣ ስፈልግ ወንበር እያጋጨሁ፣ የምላቸውን ስድብ በልቤ እየደረደርኩ ብዙ ቆየሁ። በሩን በርግጄ ስወጣ መንገዱ ሰው በሰው ሆኗል። ጎረምሶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው እየወረዱ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ኃይለ መለኮት በፒጃማ ላይ ካፖርት ደርበዋል። አዲሳለም ወሬው ደርሶት ከሽሮ ሜዳ በሩጫ መጥቶ ክር በክር እንደሆነ ቆሟል። እትዬ የሺሀረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ፤ «ወይኔ ልጄን! ሰላም ሳልላት! እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!»

ሁሉም አዩኝ። አንድ ጎረምሳ ብረቱን ለቀቀው። «በስመ አብ!» አለ የሆነ ሰው። እትዬ የሺሀረግ እያዩኝ ትንሽ አልቅሰው ጨረሱ፤ አንዴ ስለጀመሩት መሰለኝ።

ጋሽ አጥናፉን ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም። እኔ አራሚ ነኝ፤ የማይታተመውን አውቃለሁ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ጥሩምባዋን ብብታቸው ሥር አድርገው ቀረቡኝ፤ ትከሻዬን ያዙ፣ ጉንጬን ነካ አደረጉ፣ ከዚያ ጎረምሶቹ ያወረዱት አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። «ተመስገን» አሉ። ትንሽ ተነፈሱና «ታዲያ በር ስመታ ለምን ዝም አልሽ?» ብለው ተቆጡኝ። እሳቸው፣ እኔን!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። የሚወሰነው አንድ ነገር ነው፤ ጋሽ አጥናፉ ከግሩፑ ይውጡ፣ ጥሩምባዋም የእድሩ ንብረት ናትና ትመለስ። አቶ ኃይለ መለኮት «ተበዳዪዋ አይዳ ናት፤ እሷ ትወሰድባቸው ካለች እንወስዳለን፣ ይታለፉ ካለችም የሷ ጉዳይ ነው» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነው የሰነበትኩት። አንድ ቃል ከአፌ ብትወጣ ጋሽ አጥናፉ ከዚያች ቀን በኋላ ማንንም አይጠብቁም፣ ማንንም አይጠሩም። የፈለግሁት እጄ ላይ ነበር።

በቅድሚያ እሳቸው ተጠየቁ። «አስከሬን ሳያዩ፣ በር ሳይከፈት፣ ሞተች ብለው እንዴት ይነፋሉ?»

ተነሱ። ጥሩምባዋን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ይዘዋታል፤ ሊያስረክቡ ነው የመጡት።

«እ... ማለቴ፣ ድሮ ስነፋ መስኮት ሲከፈት አያለሁ» አሉ። «አንዱ መብራት ያበራል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ማነው ትላለች። ዳገቱን ወጥቼ ስጨርስ ማን እንደሰማ፣ ማን በሰላም እንዳደረ አውቃለሁ። ግሩፕ ሲመጣ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋብኝ። ያቺን ነጥብ ሳገኝ ነው እንደገና ሰው ማየት የጀመርኩት። የአይዳ ጠፋች። ሄጄ በር መታሁ፤ ዝም። በር ለመስበር ሰው ያስፈልጋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ጉልበት አለኝ?»

«ታዲያ ታማለች ብለው ሰው አይጠሩም?» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት።

«ታማለች ብልማ ማን ይመጣል?» ጋሽ አጥናፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ያኔ ታምሜያለሁ ብላ ጽፋ አልነበር? ማናችን ሄድን? እኔ እንዲያውም ውሸቷን ነው ብዬ ከሰስኳት። ሰው ታመመ ሲሉት ነገ እጠይቀዋለሁ ይላል። ሞተ ሲሉት ግን የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ይወጣል። በቶሎ እንድትወጡልኝ ነው የነፋሁት።»

እትዬ የሺሀረግ የነጠላቸውን ጥለት ይፈትላሉ። እኔ ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ፤ ንዴቴ ግን እንዳለ ነበር።

«ጋሽ አጥናፉን ይቅር አልላቸውም» አልኩ። «በቁሜ ቀብረውኛል። ጥሩምባዋ ግን ከሳቸው እጅ አትወጣም።»

«እንዴት ማለት?» አሉ አቶ ኃይለ መለኮት።

«እንዴት ይባላል እንዴ? ሰው ሁሉ በስልክ ይሙት ነው የምትሉት? የኔን ሞት ግሩፕ ላይ አይታችሁ፣ የተጣመረ እጅ ሥዕል ልካችሁ ልትተኙ ነው? እኔ ዘመድ የለኝም! እሳቸው ካልጠሯችሁ ማን ይጠራችኋል?» ድምፄ ተሰበረብኝ፤ እሱም ሌላ ንዴት።

አቶ ኃይለ መለኮት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ እሳቸው ጋ ትቆይ። ግን ጋሽ አጥናፉም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ነገ እሳቸው ሲያርፉ ማን ይነፋል? ያኔም ግሩፕ ላይ መለጠፋችን አይቀርም።»

ጋሽ አጥናፉ እጃቸው ላይ ያለችውን ጥሩምባ አዩ። ይሄን ከዚያ በፊት አስበውት የሚያውቁ አልመሰለኝም። የቀጨኔን ሙት ሁሉ ጠርተው፣ እሳቸውን የሚጠራ የለም።

«እኔ እነፋለሁ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔው ነው።

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። «ሴት የእድር ጥሩምባ ስትነፋ የት አይተሻል?» አለኝ አንዱ።

«አንተስ በቁሟ የተለቀሰላት ሴት የት አይተሃል?» አልኩት። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

እንዲህ ነው ከራሴ ጋር ተጣልቼ የጥሩምባ ተማሪ የሆንኩት። በየእሑዱ ግቢያቸው እሄዳለሁ። ጥሩምባዋ አፍ ላይ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ትላለች። ከንፈሬ አብጦ፣ ጉንጬ ተወጥሮ፣ ሰኞ ሰው ሳናግር ያመኛል። ሊቀ ነጥብ እንደ አስተማሪ ደግሞ ጨካኝ ናቸው። «ጉንጭሽን አትንፊ! ከሆድሽ አውጪው! ይሄ ሰው ሞተ ነው የሚለው ወይስ በግ ጠፋ?» ይሉኛል። ጎረቤት በግሩፑ ላይ ስሞታ ይጽፋል። ብሎኩን አንስቼላቸዋለሁ፤ ስላዘንኩላቸው አይደለም፣ ደግሞ ገድለውኝ እንዳይነፉብኝ ነው። አሁንም ያበሳጩኛል። ቢሆንም አንድም እሑድ ቀርቼ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ድምፁ አንዴ ጥርት ብሎ ወጣልኝ። ዳገቱን ወጣ፤ ከላይ መንደር ውሻ ጮኸ። ጋሽ አጥናፉ ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያልቅ ሰሙት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና በእርካታ ግድግዳውን ተደገፉ።

«በቃ፣ ቻልሽበት» አሉኝ። «ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም።»

ደሜ ፈላ። ጥሩምባዋን አነሳሁና እንደገና ነፋሁ፤ ሆን ብዬ፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ የቻልኩትን ያህል አበላሽቼ።

«ገና ነኝ» አልኳቸው። «ገና ብዙ ይቀረኛል።»